አንደበት፦ ዜሮ

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አፉላ ጸጥ ብሏል፤
ከመስኮቴ በታች የሱፍ ፍሬ ይቆላል።
አምስት ነጥብ በእጄ፣ የምመድባቸው፣
ስድስት ጉድጓዶች አፍ የከፈቱ ናቸው፦
ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ጽናት፣ ብልሃትና ዕድል፣
ከሁሉ መጨረሻ «አንደበት» የሚል።

ተዋጊዬን ሼኬት አልኳት፣ «ጸጥታ» ማለት ነው፣
አስተማሪያችን ጠረጴዛ እየደበደበች የምትጮኸው።
ጉልበቷ ሠላሳ፣ ጽናቷ ሃያ ሁለት፣
ጥንድ ጎራዴ አላት፣ እንደ መቀስ ስለት።
ፍጥነቷ ግን ያንሳል፣ ጥሩሩ ከብዷት፣
ቀስቱ ያገኛታል ቆማ ካለችበት።
ለጉልበት ብጨምር ትንፋሿ ያልቃል፣
ለትንፋሽ ብጨምር ምቷ ይለዝባል፤
እናቴ እንደምትለው፣ የጠፍር አልጋ ነው፣
አንዱን ጫፍ ስትስቢ ሌላው የሚረግበው።

አንደበቷ ዜሮ።
ሳይተኛ በፊት ሳቀብኝ ኤልያቭ፦
«አንድ ነጥብ እንኳ ስጫት፣ ምናለበት?
ነጋዴው ሁሉን በእጥፍ ይሸጥላታል፣
መንገድ ስትጠይቅ ውሻ ይለቀቅባታል!»
እኔ ግን አልሰጥም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አንደበቴ መቶ ነበር፤
ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከእንቅልፍ፣ ከጨዋታ ሲቀነስ፣ እዚያ ሲጨመር።
በብቱዋሕ ለኡሚ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣
አገጬ ለባንኮኒው ገና ሳይደርስለት፣
ሴትዮዋ የወረወረችውን ቃል ቀልቤ፣
ስድቡን አበጥሬ፣ ፍሬውን ሰብስቤ፣
«እማ፣ አንድ ወረቀት ጎድሏል» እላለሁ በቀስታ፤
የእናቴንም መልስ አሳጥሬ እመልሳለሁ፣ ለብጬው በፈገግታ።
ክሊኒክም እንዲሁ። ሐኪሙ ስለ ማህፀኗ ሲጠይቅ
ዓመቴ ስምንት ነው፣ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ አላውቅ።
«ሆድ» አልኳት። «ሆድ» አልኩት።
ሆድ ይፍጀው የሚሉት ያን ቀን ገባኝ።

አፉላ ላይ አደግሁ፣ የሰው አፍ ሆኜ፣
ለራሴ አንድ ቃል እንኳ ሳላስተርፍ፣ ባክኜ።
ስለዚህ ሼኬት አትናገርም። ትመታለች።

ዛሬ ግን ደረስን ከጨው ከተማ በር፤
በረኛዋ ተቀምጣለች ከናስ መስኮት ሥር።
ጎራዴ አይነካትም፤ ስመታት ስለቱ ይዶለዱማል፣
«ጉዳይሽን ተናገሪ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤
ከታቹ ሦስት መልሶች፣ ሦስቱም ግራጫ፣
አንደበት አሥር ይጠይቃሉ፤ የለኝም መውጫ።
ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ሰባቴ መለሰችኝ።

ተነሣች እናቴ፣ ለካሮት ማሸጊያ፣
ጫማዋን አንጠልጥላ ቆመች ከበሩ ወዲያ።
ስክሪኑን አየችና «አወቅኋት እኮ!» አለች፣
«ይቺ የመስኮቷ ናት! እዚህም ትሠራለች?»
ጠጋ ብላ ቁጥሮቹን በጣቷ ቆጠረች።
«ይሄ ባዶውስ ምንድነው?»
«መናገር ነው፣ እማ።»
«ለምን ባዶ ሆነ?»
«ደክሞኝ ነው።»

አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ጫማዋን አሰረች።
«ያኔም ይገባኝ ነበር ሴትዮዋ ምን እንዳለች።
ስድብ አስተርጓሚ አይሻም፣ በዓይንም ይሰማል፤
ገባኝ ብልሽ ደግሞ ልፋትሽ ሜዳ ይቀራል።
ስታጣፍጪልኝ አይቼ
የጎረሰ ሰው መስዬ ዝም አልኩ።»
አውቶብሱ ጥሩንባውን ነፋ። ሄደች።

የእሷን ዝምታ የሚለካ መስመር በሰሌዳው የለም፤
ስንት ነጥብ ፈጀ ብል ማንም አይነግረኝም።
ኤልያቭ ያንኮራፋል። ሱፉ ከታች ይንጣጣል።
የሼኬትን ጥሩር አወለቅሁት፤
ሁለቱን ለጽናት፣ ሁለቱን ለፍጥነት፣
አንዷን፣ የቀረችውን፣ ለአንደበት።
ዘጠኝ ይጎድላል። መልሶቹም እንዳሉ ግራጫ ናቸው።
ቁጥር ይዛ ትቀመጥ በረኛዋ፤
ትጠብቅ ዛሬ፣ እሷም በተራዋ።